ኤምባሲ የሚይዘው ወረቀት፦ መንግሥታት የመብት ጉዳይ ለሌላ አገር እንዴት እንደሚያነሡ፣ እናንተስ የት ጋ እንደምትገቡ

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው ባሕር ዳር መጡ። ልጃቸው ለቤት ሠራተኝነት ወደ አንድ ዐረብ አገር ሄዳ እዚያ ታስራለች። ጣና ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ፣ እግሩ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ከመቀነታቸው ፈትተው አራት ገጽ ደብዳቤ ሰጡኝ። «ፈረንጅኛ ታውቃለህ አሉኝ፣ ልጄ። ይችን ለኤምባሲዎቹ አድርስልኝ።»

አነበብኩት። አንጀት ይበላል። «ልጄን አውጡልኝ» የሚለው ቃል ሰባት ቦታ አለ። የታሰረችበት ከተማ ግን የለም። የተያዘችበት ቀን የለም። ስሟም ቢሆን ቤት የምትጠራበት ነው፤ ደላላው ፓስፖርት ሲያወጣላት ስሟንም ዕድሜዋንም እንደቀየረው ያወቅነው ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ነው። እስር ቤቱ መዝገብ ላይ እናቷ የሚያውቋት ልጅ የለችም ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው «ኤምባሲዎቹ ለምን ዝም ይላሉ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው። አንዳንዴ የምር ዝም ይላሉ። አንዳንዴ እያወሩ ነው፣ እኛ ጆሮ አይደርስም እንጂ። አንዳንዴ ደግሞ ይዘውት የሚገቡት ነገር ስላልሰጠናቸው ነው። የዚህ የሦስተኛው መድኃኒት በእጃችን ስላለ መንገዱን ከታች ጀምረን እንየው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

የማን ዜጋ ነው?

ይህን ሳትለዩ አንድም ደብዳቤ አትጻፉ። የታሰረው ሰው የጠያቂው አገር ዜጋ ከሆነ መንገዱ የቆንስላ ነው። በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት፣ አንቀጽ 36፣ እስረኛው ከጠየቀ ያሰረው አገር ሳይዘገይ ለቆንስላው ያሳውቅ ይላል። ቆንስላው ሄዶ ሊያየው፣ ሊያነጋግረው፣ ደብዳቤ ሊጻጻፈው፣ ጠበቃ ሊያቆምለት ይችላል። «ከጠየቀ» የምትለዋን ልብ በሉ። ዐረብ አገር ለምትሄድ እህታችሁ ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ የምታስጠኗት ነገር «የአገሬን ቆንስላ ጥሩልኝ» የሚለው ይሁን፣ በዐረብኛ።

የእማማ ጉዳይ እንግዲህ እዚህ ውስጥ ነው። ልጅቷ ኢትዮጵያዊት ናት፤ በራቸው የእኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና እዚያ አገር ያለው ኤምባሲያችን ነው። ፈረንጅኛዬ አላስፈለገም። አማርኛ ይበቃ ነበር።

ሰውየው የጠያቂው አገር ዜጋ ካልሆነ ነገሩ ይከብዳል። አንድ የአውሮፓ ኤምባሲ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ እስረኛ ሲያነሣ የቆንስላ መብት የለውም። ቀድሞ የሚሰማው መልስ «የውስጥ ጉዳያችን ነው» የሚል ነው። መልሱ ዝም ብሎ የተፈጠረ አይደለም። ድርጅቱ በአገሮች የውስጥ ጉዳይ እንዳይገባ የሚለው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2፣ ንዑስ አንቀጽ 7 አለ። በ1961 የወጣው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 41ም ዲፕሎማት በተቀበለው አገር የውስጥ ጉዳይ እንዳይገባ ይከለክላል። ጠያቂው የሚይዘው መከራከሪያ ታዲያ ምንድን ነው? «ፈርማችኋል» የሚል ነው። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የተቀበለችው በ1993 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ስለዚህ ብልህ ዲፕሎማት «በእኔ ሕግ ኑር» አይልም። «በፊርማህ እደር» ነው የሚለው። ለኤምባሲ ስትጽፉ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ በአንድ መስመር ካስቀመጣችሁለት ግማሽ ሥራውን ሠራችሁለት።

ያው አንቀጽ 41 ብዙ ሰው የማያውቀውን ሌላ ነገርም ይላል። ኤምባሲ ይፋ ሥራውን የሚሠራው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወይም ስምምነት በተደረሰበት ሌላ ሚኒስቴር በኩል ነው። «አምባሳደሩ ለምን መጥተው ባሕር ዳር ፖሊስ ጣቢያ ገብተው አያዩም?» ላላችሁኝ ሁሉ፣ አንዱ መልስ ይሄ ነው። ደብዳቤው አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። መልሱም በዚያው መሰላል ይወጣል።

ሹክሹክታው

ሽማግሌ ልካችሁ የምታውቁ ግማሹን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አይጮህም። ገብቶ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ከዚያ ነው «የመጣንበት ጉዳይ…» የሚለው። የዲፕሎማትም የመጀመሪያ ደረጃ እንዲሁ ነው። ስለ ንግድ ወይም ስለ ዕርዳታ ሲያወሩ ውለው፣ በር ላይ ሲሸኛኙ አንድ ስም ይነሣል። የተጻፈ ነገር የለም። ማንም ፊት አልተዋረደም። ባለሥልጣኑ ሰውየውን ቢፈታ በራሱ ፈቃድ ፈታ ነው የሚባለው፤ የነገሩ ጥበብ እዚያ ላይ ነው። በ2012 እዚሁ ባሕር ዳር የተጀመረውን የጣና ፎረም ታስታውሱ ይሆናል፣ መሪዎች ስለ አፍሪካ ጸጥታ ዘና ብለው እንዲያወሩ ታስቦ የተዘጋጀውን። እኛ የምናስታውሰው የተዘጋውን መንገድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ትልልቁ ወሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአዳራሹ ውጭ ነው።

ሹክሹክታው ካልሠራ ዲማርሽ ይመጣል። ዲማርሽ ማለት መንግሥት ኤምባሲውን «ሄደህ ይህን ንገርልኝ» ብሎ የሚልከው ይፋ አቤቱታ ነው። ዲፕሎማቱ የሚናገረው የራሱን አይደለም፣ የተላከውን ነው። ነጥቦቹን በቃል ተናግሮ ብዙ ጊዜ ወረቀት ትቶ ይወጣል። ወረቀቱ አርማም ፊርማም ከሌለው ኖን ፔፐር ይሉታል፤ ነገ «እኛ አልሰጠንም» ማለት ይቻላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንድ አገር ብቻውን መሄድ ከከበደው አምስት ስድስት ሆነው ይሄዳሉ።

ከዚያ ኖት ቨርባል አለ። ስሙ የቃል ነገር ያስመስለዋል እንጂ ጽሑፍ ነው። በሦስተኛ ሰው ነው የሚጻፈው፣ «እኔ» የለም። ሲጀምር «የእገሌ አገር ኤምባሲ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍ ያለ አክብሮቱን እያቀረበ…» ይላል። ሲጨርስ «ኤምባሲው በዚህ አጋጣሚ ከፍ ያለ አክብሮቱን በድጋሚ ይገልጻል» ይላል። መሀሉ ላይ ምንም ዓይነት መርዝ ይኑር፣ ሁለቱ ጫፎች ማር ናቸው። ሙሉ ፊርማ የለውም፤ ማኅተምና አጭር የፊደል ምልክት ብቻ ነው። የመጀመሪያዬን ሳነብ «ቁጣው የታለ?» ብዬ ገጹን ገልብጬ ፈልጌያለሁ። ቁጣው «በጥልቅ ያሳስበዋል» የምትለዋ ውስጥ ነበር። በዚያ ቋንቋ «ያሳስበዋል»፣ «በጥልቅ ያሳስበዋል» እና «ያወግዛል» ሦስት የተለያዩ ፎቆች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመውጣት ዋና ከተማ ይጠየቃል።

ከዚያ በላይ ያሉትን በዜና ትሰሟቸዋላችሁ። አምባሳደሩን ጠርቶ ማናገር። የራስን አምባሳደር «ለምክክር» ብሎ ወደ አገር መጥራት። ተቀባዩ አገር ከተናደደ ደግሞ ዲፕሎማቱን «ተፈላጊ ያልሆነ ሰው» ብሎ ማባረር ይችላል፣ ምክንያት መናገር እንኳን አይጠበቅበትም።

እግረ መንገዴን አንድ ታሪክ ላንሣ፣ የእኛው ሰፈር ስለሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም። በ1864 መጀመሪያ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። እንግሊዝ በስንት ጊዜዋ ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል መልእክተኛ የንግሥቲቱን ደብዳቤ አስይዛ ላከች። ራሳም በ1866 ንጉሡን አገኘና እስረኞቹ እስኪመጡለት ጣና ዳር፣ ቆራጣ ተቀመጠ። መጡለት። አለቀ ሲባል፣ በሚያዝያ፣ እማማ ከተሻገሩባት ዘጌ ላይ እሱም አብሮ ተያዘ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ መቅደላ፣ 1868። ያኔ የሰብአዊ መብት ስምምነት የሚባል ነገር የለም። መልስ ያላገኘ ደብዳቤ ግን ያኔም ዛሬም ራሱ እንደ መልስ ይነበባል። ሥራቸውን የሚያውቁ ኤምባሲዎች ኖት ቨርባል ልከው የማይቀመጡት ለዚህ ነው፤ አስታዋሽ ይጽፋሉ፣ ቁጥርና ቀን እየጠቀሱ። እናንተም ለላካችሁት ደብዳቤ እንዲሁ አድርጉ።

ዝም ወይስ ጩኸት

እዚህ ላይ ጓደኞቼ ሁሉ ይከራከሩኛል። ሁለት የስዊድን ጋዜጠኞች፣ ማርቲን ሺቢዬና ዮሐን ፐርሾን፣ በ2011 ኦጋዴን ውስጥ ተይዘው 11 ዓመት ተፈረደባቸው። የስዊድን መንግሥት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሠራ። በ2012፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በይቅርታ ወጡ። ያችው ስዊድን ያንኑ ዝምታ ለዳዊት ይስሐቅም ሞክራዋለች። የኤርትራና የስዊድን ዜጋ የሆነው ጋዜጠኛ የታሰረው በመስከረም 2001 ነው። በ2005 ለጥቂት ቀናት ተፈትቶ ተመልሶ ገባ። ኤርትራ «የእኔ ዜጋ ነው» ስለምትል የስዊድን ቆንስላ ሊያየው አልቻለም። አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ውጤት። ለእኔ ልዩነቱ ያሰረው መንግሥት ከጠያቂው የሚፈልገው ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። አዲስ አበባ ያኔ ዕርዳታም ስምም ትፈልግ ነበር። አሥመራ ከስቶክሆልም የምትፈልገው ይህን ያህል አልነበረም።

የተቃዋሚውን ፖለቲከኛ የአቶ አንዳርጋቸው ጽጌን ጉዳይ ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። የእንግሊዝ ዜጋ ሆነው በሰኔ 2014 የመን ውስጥ ሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው ለኢትዮጵያ ተሰጡ። የለንደን መንግሥት የቆንስላ ጉብኝትና ጠበቃ ይጠይቅ ነበር፤ «ይፈቱ» ብሎ አይጠይቅም ተብሎ ግን ክፉኛ ተወቅሷል። የወጡት በግንቦት 2018፣ አገር ቤት ያለው ፖለቲካ ሲለወጥ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው፦ በዝምታ ጀምሩ፣ ግን ዝምታው ቀነ ገደብ ይኑረው። «እስከዚህ ወር ካልተመለሰ በይፋ እናነሣዋለን» ተባብላችሁ ከቤተሰቡ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ከቤተሰቡ ጋር ያልኩት ለወግ አይደለም። ጩኸቱ ሲበዛ ዋጋውን የሚከፍለው ፌስቡክ ላይ የጮኸው ሰው አይደለም፣ ውስጥ ያለው ነው። የታሰረውን ወይም ቤተሰቡን ሳትጠይቁ ስም አታውጡ፣ ፎቶ አትለጥፉ። በዚህ አልደራደርም።

ጄኔቫ፣ 84 ሴኮንድ

ፊት ለፊት መናገር የከበደው አገር ጄኔቫ ሄዶ ይናገራል። እዚያ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት አለ፣ በ2006 የተቋቋመ፣ 47 አባላት ያሉት። ከሥራዎቹ አንዱ ሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ ነው፣ በአጭሩ ዩፒአር የሚሉት። በ2008 የጀመረ ሲሆን እያንዳንዱ አገር በየአራት ዓመት ተኩሉ ገደማ ይቀርብበታል። ኢትዮጵያ በ2009፣ በ2014፣ በ2019 እና በ2024 ቀርባለች። ትልቅም ትንሽም አገር አይቀርለትም፤ ለዚህ ነው «ለምን እኔን ብቻ?» የሚለው ቅሬታ እዚህ የማይሠራው።

ግምገማው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ ውስጥ 140 ደቂቃው የሌሎች አገሮች ነው፣ ለተመዘገቡት እኩል ይካፈላል። 100 አገር ከተመዘገበ ለአንዱ የሚደርሰው 84 ሴኮንድ ነው። እስቲ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት። ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ምክረ ሐሳብ፣ ማይክሮፎኑ ይዘጋል። በዚያች ሰዓት ውስጥ የእናንተ ጉዳይ እንዲገባ ከፈለጋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚባል መሆን አለበት።

የሚገባውም እንዲህ ነው። ከግምገማው ወራት አስቀድሞ የሲቪክ ማኅበራት ጽሑፍ ይልካሉ። አንድ ድርጅት ብቻውን ከላከ ጣሪያው 2,815 ቃል ነው፤ ተባብረው ከላኩ 5,630። በአማርኛ አይቀበሉም፣ የሚተረጉም ሰው ከወዲሁ ያዙ። ግን ጽሑፉን ልኮ መተኛት የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። ጄኔቫ ላይ የሚነበበውን ነጥብ በማቀበል አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲም እጁ አለበት። ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ የፖለቲካ ክፍሉን ሰው አግኙና አንድ ገጽ ስጡት፣ ምክረ ሐሳቡን ራሱ ጽፋችሁ። «የሐሳብ ነፃነትን ማክበሩን ይቀጥል» የሚል ምክረ ሐሳብ ለማንም አይጠቅምም፤ ማንም መንግሥት ደስ ብሎት ይቀበለዋል። «ማንኛውም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብና ቤተሰቡ የት እንዳለ እንዲነገረው፣ ይህንንም የሚያሳይ መዝገብ በየጣቢያው እንዲኖር» የሚለው ግን ሊለካ ይችላል። በሚቀጥለው ዙር «መዝገቡ የታለ?» ትሉበታላችሁ።

የተገመገመው አገር «እምቢ» አይልም። ወይ «ተቀብያለሁ» ይላል፣ ወይ «ማስታወሻ ይዣለሁ» ይላል። ማስታወሻ መያዝ ማለት በጨዋ ቋንቋ አይሆንም ማለት ነው።

የዩፒአሩን ተራ መጠበቅ ካልቻላችሁ ልዩ ራፖርተሮች አሉ፣ ምክር ቤቱ በየጉዳዩ የሾማቸው ገለልተኛ ባለሙያዎች። ስለ ማሰቃየት፣ ስለ ሐሳብ ነፃነት፣ ስለ ስደተኞች የየራሳቸው አላቸው። ለእነሱ ለመጻፍ የትኛውም መንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም። ለመንግሥቱ የሚልኩት ደብዳቤ ለ60 ቀን በምስጢር ይቆይና ከዚያ በይፋ ይወጣል። እዚሁ ቅርባችን ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት አለው፤ ኮሚሽኑም ለዩፒአሩ የራሱን ጽሑፍ ያቀርባል።

ዱላው

ስለ ማዕቀብና ስለ ክስ ብዙ አልጽፍም፣ በእጃችን ያለ ነገር አይደለምና። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1977 የደርግን የመብት ጥሰት ጠቅሰው ወታደራዊ ዕርዳታ ቀነሱ፤ ደርግ ወደ ሞስኮ ሄደ። አሜሪካ ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታስወጣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋው ልጅ ምን እንዳጠፋች የነገራት የለም። እኔ ማዕቀብ የሚባለውን ነገር በጥርጣሬ ነው የማየው፤ በግለሰብ ባለሥልጣናት ላይ ብቻ የሚጣለው ትንሽ ይሻላል።

ፍርድ ቤትም አለ። ይህን ወጣቶቹ ባያውቁት ያሳዝናል፦ በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ስለ ዛሬዋ ናሚቢያ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰዋል። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ሆኑና በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱ ወደቀ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ግን በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካን ሥልጣን ሰረዘ። በ2019 ደግሞ ትንሿ ጋምቢያ ስለ ሮሂንጋዎች ማያንማርን ከሰሰች። «የውስጥ ጉዳይ ነው» የሚለውን መልስ የሰበርነው እኛም ነን ለማለት ያህል ነው።

ወረቀቱ

አሁን ወደ ቡና ቤቱ እንመለስ። የእማማን አራት ገጽ ወደ አንድ ገጽ ለማውረድ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን።

ላይኛው መስመር፦ በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ከዚያ «በቤት የምትጠራበት ስም» ተብሎ ለብቻው። ፓስፖርቱ አሠሪዋ እጅ ነው። ቁጥሩን ያገኘነው ከመሄዷ በፊት ለታናሽ ወንድሟ በቴሌግራም ከላከችው ፎቶ ነው፤ ወንድሟ እስቴድየም አካባቢ ባጃጅ ይነዳል፣ ተደውሎለት እየነዳ መጣ። ስለዚህ ሰው ከአገር ሲወጣ ፓስፖርቱን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ በሁለት ስልክ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር፣ በቀን። የምታውቁትንና የሰማችሁትን ለዩ። «ታናሽ ወንድሟ በስልክ እንደሰማው» ማለት አያሳፍርም፤ አንድ ውሸት ግን ከተገኘ ዲፕሎማቱ የተቀረውንም ይዞ አይገባም። እማማ «ደብድበዋታል» ብለው ነበር። «ማን ነገረዎት?» ስላቸው ዝም አሉ። «እናት አይደለሁ?» አሉ። እሱን መስመር አወጣነው። እጄ እየከበደው ነው ያወጣሁት።

ቀጥሎ ጥያቄው። ሰባት ጊዜ «አውጡልኝ» የነበረው አንድ ነገር ሆነ፦ ቆንስላው በአካል ሄዶ ይያት። ይህ ሊጠየቅ የሚችል፣ ሊመለስ የሚችል፣ ካልተመለሰም እንዳልተመለሰ የሚታወቅ ነው። መፈታቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። መጨረሻ ላይ ስልክ፣ ቀን፣ ፊርማ። ኮፒውን አስቀርታችሁ፣ ያስገባችሁበትን ቁጥር ከመዝገብ ቤት ተቀበሉ። እኔ ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ቁጥር ሳልቀበል ትቼ ወጥቼ፣ በሦስተኛው ሳምንት «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» ተብያለሁ።

ሲያልቅ አራቱን ገጽ አጣጥፌ መልሼ ሰጠኋቸው። አልተቀበሉኝም። «እሱማ ለእሷ ነው፣ ልጄ። የሚያያት ሰው ይስጣት» አሉ። ወረቀቱን መልሰን ዘረጋነውና ከታች አንድ መስመር ጨመርን፦ ሁለተኛ፣ ከእናቷ የተላከ ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ እንዲሰጣት።